ለአራስ እናት ቀላል የሰውነት እንቅስቃሴ፦ ድካምን ለማቅለል፣ የከፋውን ስሜት ለማንሳት

አራስ ቤት ውስጥ «ተኚ፣ ዕረፊ» የሚባለው ምክር ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ትክክል ነው። ደም የፈሰሰው፣ ስፌት ያለበት፣ ሌሊቱን በየሁለት ሰዓቱ የሚነቃ ሰውነት ዕረፍት ይፈልጋል። ጉዳት የሚመጣው ምክሩ እስከ 40 ወይም እስከ 80 ቀን ሲዘረጋ ነው። ለረጅም ጊዜ የተኛ ጡንቻ ይዝላል፣ የዛለ ጡንቻ ሕፃን ማንሳትን እንኳን ከባድ ሥራ ያደርገዋል፣ ያ ድካም ደግሞ መልሶ አልጋ ላይ ይጥላል። በዚያ ላይ ከወሊድ በኋላ ባሉት 6 ሳምንታት እግር ውስጥ ደም የመርጋት አደጋ ከሌላው ጊዜ ይበልጣል። አለመንቀሳቀስ ያባብሰዋል።

ከዚህ በታች ያለው የአሠራር መመሪያ ሆድ ለማጥፋት ወይም ኪሎ ለመቀነስ አይደለም። በዚያ ሐሳብ የምትጀምር እናት መጠኑን ታበዛለች፣ ደሟ እንደገና ይጨምራል፣ ትደነግጣለች፣ ታቆማለች። ዓላማው ቀኑን ትንሽ በተሻለ ጉልበትና በተሻለ ስሜት ማሳለፍ ነው። ለዚህ ደግሞ በጣም ጥቂት ይበቃል፣ በየቀኑ ከሆነ።

ከመጀመርሽ በፊት ድካሙ ከምን እንደመጣ እዪ

ሁሉም ድካም በእንቅስቃሴ አይለቅም። በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም የፈሰሳት እናት የደም ማነስ ይዟት ሊሆን ይችላል። በመስታወት ፊት የታችኛውን የዐይን ቆብ ወደ ታች ሳብ አድርጊና ውስጡን ተመልከቺ፤ ቀይ መሆን ሲገባው ከነጣ፣ መዳፍሽ ከገረጣ፣ ጥቂት ደረጃ ስትወጪ ልብሽ ከመታ ወይም ስትነሺ ካዞረሽ፣ ጤና ጣቢያ ሄደሽ የደም መጠንሽን አስለኪ። የደም ማነስ ያላትን እናት በእግር ጉዞ ማበርታት አይቻልም፤ መጀመሪያ ደሙ መመለስ አለበት።

የአይረን (የብረት) ኪኒን ከታዘዘልሽ አወሳሰዱ ላይ ተጠንቀቂ። ቡናና ሻይ ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያግዱታል፣ አራስ ቤት ደግሞ ጠያቂ በመጣ ቁጥር ቡና ይፈላል። ኪኒኑን ከቡናው ቢያንስ 1 ሰዓት አርቀሽ፣ ብርቱካን ወይም ሎሚ ባለበት ውኃ ውሰጂው። ሰገራሽ ቢጠቁር አትደንግጪ፣ የኪኒኑ ጠባይ ነው። ድርቀት ካመጣብሽ ተልባና ውኃ ጨምሪ፤ ስፌት እያለ ማማጥ ጥሩ አይደለም።

የሚከተሉት ካሉ ግን እንቅስቃሴውን ተዪና ወዲያውኑ ወደ ሕክምና ሂጂ፦ በ1 ሰዓት ውስጥ አንድ ሞዴስ የሚያርስ ደም ወይም ትልልቅ የረጋ ደም፣ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ የአንድ እግር ባት ብቻ ማበጥ፣ መሞቅና መታመም፣ የደረት ውጋት ወይም የትንፋሽ ማጠር፣ የማይለቅ ከባድ ራስ ምታት ከዐይን ብዥታ ጋር። የመጨረሻው የደም ግፊት ምልክት ሊሆን ይችላል፤ በእርግዝናዋ ጊዜ ግፊት ያልነበራት እናት እንኳን ከወሊድ በኋላ ሊይዛት ይችላል።

የመጀመሪያው ሳምንት፦ አልጋ ላይ

እዚህ ያሉት ሦስት ነገሮች ብቻ ናቸው። በምጥ የወለደች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ልትሠራቸው ትችላለች። በኦፕራሲዮን የወለደችም እንዲሁ፣ የሽንት ቱቦው እስኪወጣ ግን ሦስተኛውን ታቆየዋለች።

1. ቁርጭምጭሚት። እግርሽን ዘርግተሽ ጣቶችሽን ወደ ራስሽ ሳቢ፣ ከዚያ ወደ ታች ግፊ። 20 ጊዜ፣ በነቃሽ ቁጥር። የባት ጡንቻ ደምን ወደ ላይ የሚገፋው እንዲህ ሲንቀሳቀስ ነው።

2. የሆድ ትንፋሽ። በጀርባሽ ተኝተሽ ጉልበትሽን እጠፊ፣ አንድ እጅ ከእምብርትሽ በታች አድርጊ። በአፍንጫሽ ቀስ ብለሽ ሳቢ፣ እጅሽ ከፍ ይበል። ስታስወጪ ሆድሽ ወደ ውስጥ ይግባ፣ መጨረሻው ላይ እምብርትሽን ወደ አከርካሪሽ ጠጋ አድርጊና 3 ሰከንድ ያዥ። ከ5 እስከ 8 ጊዜ። የላላው የሆድ ጡንቻ ሥራ የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ ተኝቶ መነሣት፣ ስፖርት ቤት የሚሠራው ዓይነት፣ ገና ነው።

3. የዳሌ ወለል ጡንቻ። ይህ ሽንትንና ሰገራን የሚይዘው፣ ማህፀንንም ከታች የሚደግፈው ጡንቻ ነው። ሰው መሐል ሆነሽ ጋዝ እንዳያመልጥሽ እንደምትይዢው ከኋላ ጀምረሽ ጨብጪ፣ ከዚያ ሽንት እንደምትይዢው ወደ ፊት አምጪውና ወደ ላይ አንሺው። 3 ሰከንድ ያዥ፣ ሙሉ በሙሉ ልቀቂ፣ 3 ሰከንድ ዕረፊ። 5 ጊዜ ጀምሪ። በየሳምንቱ ጥቂት እየጨመርሽ 10 ሰከንድ 10 ጊዜ፣ በቀን 3 ጊዜ ላይ ድረሺ።

ሦስተኛው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ትንፋሽ ይዘሽ ከሆነ፣ መቀመጫሽ ወይም ጭንሽ ከተጨበጠ፣ ሆድሽ ወደ ውጭ ከተገፋ፣ የሠራው ሌላ ጡንቻ ነው። ለመሞከር ብለሽ ሽንት እየሸናሽ መሐል ላይ አታቋርጪ፤ ይህን ልማድ ካደረግሽው ፊኛሽ በደንብ ባዶ ላይሆን ይችላል። መልቀቁ ከመጨበጡ እኩል ያስፈልጋል፤ የማይላላ ጡንቻ ያማል። ውጤቱ በቶሎ አይታይም፣ እስከ 3 ወር ሊወስድ ይችላል። እንዳይረሳሽ ከማጥባት ጋር አያይዢው፦ ልጁ ጡት በያዘ ቁጥር አንድ ዙር። እስከ ፊንጢጣ የደረሰ መቀደድ ከነበረሽ መቼ እንደምትጀምሪ አዋላጇን ጠይቂ።

አነሣስሽም ራሱ እንቅስቃሴ ነው። ከአልጋ ቀጥ ብለሽ ተስበሽ አትነሺ። ጉልበትሽን እጠፊ፣ መላ ሰውነትሽን ባንድ ላይ ወደ ጎን አዙሪ፣ እግሮችሽን ከአልጋው ጠርዝ ወደ ታች አውርጂ፣ በዚያው በክርንሽና በመዳፍሽ ገፍተሽ ተቀመጪ። ከመቆምሽ በፊት 1 ደቂቃ ተቀመጪ፤ ካዞረሽ ተመልሰሽ ተኚ። በኦፕራሲዮን የወለድሽ ከሆነ ስትስዪ፣ ስታስነጥሺ፣ ስትስቂም ትራስ ቁስሉ ላይ ያዥ።

ከሁለተኛው ሳምንት እስከ ስድስተኛው፦ በእግር መሄድ

ለድካምም ሆነ ለስሜት በእግር የመሄድን ያህል ለአራስ የሚመች ነገር የለም። ዕቃ አይጠይቅም፣ በማንኛውም ሰዓት ይቋረጣል፣ መጠኑ በደቂቃ ይለካል።

በሁለተኛው ሳምንት ቤት ውስጥ ወይም በረንዳ ላይ 5 ደቂቃ፣ በቀን 2 ጊዜ። በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት 10 ደቂቃ፣ 2 ጊዜ። በአምስተኛውና በስድስተኛው 15 ደቂቃ፣ 2 ጊዜ፣ ወይም ከቻልሽ አንዴ 25 ደቂቃ። በኦፕራሲዮን የወለደች ከዚህ አንድ ሳምንት ወደ ኋላ ትሁን፣ መንገዱም ሜዳ ይሁን። ፍጥነቱን በወሬ ለኪው፦ ከጎንሽ ላለው ሰው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳትቆራርጪ መናገር ካቃተሽ ቀንሺ።

መጨመር የሚገባሽን ጊዜ የሚነግርሽ ቀኑ ሳይሆን በማግስቱ ጠዋት ያለው ሰውነትሽ ነው። ከመውጣትሽ በፊት ድካምሽን ከ0 እስከ 10 ገምቺ፣ በማግስቱ ጠዋት ደግሞ እንደገና። እኩል ከሆነ ወይም ከቀነሰ በዚያው ቀጥዪ፣ ከሦስት ጥሩ ቀናት በኋላ 2 ደቂቃ ጨምሪ። በ2 ነጥብና ከዚያ በላይ ከጨመረ ግን ደቂቃውን በግማሽ ቀንሺ። ልጁ ሌሊቱን ሙሉ ካስነሣሽ ቁጥሩ በሱ ምክንያት ሊጨምር ስለሚችል ያን ቀን አትቁጠሪው።

ሁለተኛው መለኪያ ደሙ ነው። የወሊድ ደም የመጀመሪያዎቹን 3 ወይም 4 ቀናት ደማቅ ቀይ ይሆናል፣ ቀጥሎ ወደ ቡናማና ሮዝ፣ ከ10 ቀን ገደማ በኋላ ወደ ቢጫና ነጭ ይሄዳል፤ ጨርሶ እስኪቆም ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። ቡናማ የነበረው ከእግር ጉዞ በኋላ ተመልሶ ቢቀላ ሰውነትሽ «በዛ» እያለሽ ነው። 2 ቀን ዕረፊ፣ በግማሽ መጠን ተመለሺ። ካልቆመ ሐኪም ዘንድ ታዪ። ከእግር ጉዞ በኋላ ብልትሽ አካባቢ የክብደት ስሜት፣ የሆነ ነገር ወደ ታች የሚወርድ ዓይነት፣ ከተሰማሽም እንደዚሁ።

ስለ ምች የሚነሣው ነገር እዚህ ላይ መምጣቱ አይቀርም። እናትሽ ወይም አማትሽ «አራስ ፀሐይ አትወጣም፣ ምች ይመታታል» ቢሉ ለክርክር አትቀመጪ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የእግር ጉዞ ለማንኛውም ቤት ውስጥ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ጠዋት ከ2 እስከ 3 ሰዓት ባለው ለስላሳ ፀሐይ፣ ነጠላሽን ተከናንበሽ፣ እሳቸውን አስከትለሽ በግቢው ዙሪያ ሂጂ። አራስ ብቻዋን አትተውም የሚለው ልማድ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው፤ አብሮ የሚሄድ ሰው ያለላት እናት ትቀጥላለች።

ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የምትኖሪ ከሆነ ደረጃውን ከጉዞው ጋር ቁጠሪው። መውረዱና መውጣቱ ብቻ ለሦስተኛው ሳምንት በቂ ሊሆን ይችላል። በየፎቁ ቆመሽ ተንፍሺ፣ የደረጃውን ብረት ያዥ፣ ሕፃኑን ሌላ ሰው ይያዝልሽ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሙቀት ውስጥ ያለሽ የሕንፃውን ኮሪደር ወይም የገበያ ማዕከሉን ውስጥ ተጠቀሚበት፤ በአሜሪካና በአውሮፓ ክረምትም እንዲሁ ይሠራል። ውጭ አገር ጠያቂም አብሳይም ሳይኖርሽ አርሰሽ ከሆነ ከሌላ አራስ ጋር ቀጠሮ ይዞ መሄድ ከሁሉ ይሻላል።

ከመውጣትሽ በፊት አጥቢ። ጡት ሞልቶ መሄድ ያማል፣ ልጁም መሐል ላይ አይራብም። ደገፍ የሚያደርግ፣ የማያጣብቅ የጡት መያዣ ልበሺ። ወተቱ ይቀንሳል ወይም ይበላሻል ብለው የሚሰጉ አሉ፤ እንዲህ ያለ ቀላል እንቅስቃሴ ወተቱንም የልጁንም ክብደት አይነካም። በባዶ ሆድ ግን አትውጪ። አጥሚት ከሆነ ግማሽ ሰዓት፣ ገንፎ ከሆነ ከ1 ሰዓት በላይ ቆይተሽ ሂጂ። ባጠባሽ ቁጥር አንድ ብርጭቆ ውኃ ጠጪ።

ሆድና መቀነት

ከወሊድ በኋላ ሆድን በመቀነት ወይም በጨርቅ ማሰር የቆየ ነው፣ ለስላሳ ድጋፍ ከሆነ ስትሄጂ ምቾት ይሰጣል። አጥብቆ መጠፍነግ ግን ግፊቱን ወደ ታች፣ ገና ወዳልጠነከረው የዳሌ ወለል ይልከዋል። ካሰርሽ በኋላ በጥልቀት መተንፈስ ካልቻልሽ ጠብቋል። ስትተኚ ፍቺው።

ከ6 ሳምንት በኋላ የሆድ ጡንቻሽ ምን ያህል እንደተከፈተ ለማወቅ በጀርባሽ ተኚ፣ ጉልበትሽን እጠፊ፣ ጣቶችሽን እምብርትሽ ላይ አግድም አስቀምጪ፣ ራስሽን ብቻ ትንሽ ከፍ አድርጊ። በሁለቱ ጡንቻዎች መሐል ከ2 ጣት በላይ ከገባ ወይም ሆድሽ መሐሉ ላይ እንደ ጣሪያ ጫፍ ከሾለ፣ ሆድ የሚያጥፍ ስፖርት አትሥሪ። ትንፋሹንና የዳሌ ወለሉን ቀጥዪ፣ ፊዚዮቴራፒስት የምታገኚ ከሆነ ታዪ።

ከ6 ሳምንት በኋላ

የ6ኛው ሳምንት ምርመራ ደህና ከሆነ፣ ደሙም ከቆመ፣ ከእግር ጉዞው ላይ እነዚህን በሳምንት 2 ወይም 3 ቀን ጨምሪ፦ ወንበር ላይ መቀመጥና እጅ ሳይደግፉ መነሣት 8 ጊዜ፤ ግድግዳን በሁለት እጅ ገፍቶ መመለስ 8 ጊዜ፤ በጀርባ ተኝቶ ጉልበት አጥፎ መቀመጫን ቀስ ብሎ ማንሣትና ማውረድ 8 ጊዜ። አንድ ዙር ይበቃል፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሁለት ዙር። በከበደው ጊዜ ላይ ትንፋሽ አውጪ፣ የዳሌ ወለሉንም አብረሽ ጨብጪ። በወንበሩ ሥራ ላይ ከባዱ መነሣቱ ነው፤ አየሩ የሚወጣው ያኔ ነው። በጉዞው በኩል የዓለም ጤና ድርጅት ለወለዱ እናቶች የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው፤ በቀን 25 ደቂቃ ለ6 ቀን ማለት ነው። ወደዚያ ለመድረስ ሌላ ሁለት ወር ቢፈጅብሽ ምንም አይደለም። ሩጫና ገመድ ዝላይ ከ3 ወር በፊት አይሞከር፤ ሽንት እያመለጠሽ ከሆነ ደግሞ ከዚያም በኋላ ይቆይ።

የቤት ሥራ እንቅስቃሴ ነው ወይ የሚል ካለ፣ ሰውነትን ያደክማል እንጂ ይህን አይተካም። አንድ ጀሪካን ውኃ 20 ኪሎ ነው። በኦፕራሲዮን የወለደች እስከ 6 ሳምንት ከሕፃኗ የሚከብድ ነገር እንዳታነሣ የሚነገራት ቁስሉ ውስጡም ስለሚደርቅ ነው፤ ላዩ ቢጠግም ውስጡ ገና ነው። በምጥ የወለደችም ጀሪካኑን ለሌላ ትተው። ቁጢጥ ብሎ ብዙ ልብስ ማጠብም ለስፌትና ለዳሌ ወለል ይከብዳል፣ ሳፋውን ከፍ ባለ ነገር ላይ አድርጊው። ልጁን ማዘል ደግሞ አንገቱ እስኪጠና፣ ከ3 እስከ 4 ወር ገደማ፣ ይቆይ፤ እስከዚያ በደረት ታቅፈሽው፣ ፊቱ ሳይሸፈን።

ስሜቱ

በወለዱ በ3ኛው ቀን ገደማ ያለ ምክንያት ማልቀስ፣ መነጫነጭ፣ ሆድ መባስ ብዙ እናቶችን ይነካል። በ2 ሳምንት ውስጥ ይሄዳል። ከ2 ሳምንት ካለፈ፣ ምንም ነገር ካላስደሰተሽ፣ ልጁ ተኝቶም አንቺ መተኛት ካልቻልሽ፣ «መጥፎ እናት ነኝ» የሚለው ሐሳብ ካልለቀቀሽ፣ ይህ ሆደ ባሻነት ሳይሆን ሕክምና ያለው የድብርት ሕመም ሊሆን ይችላል። ስንፍናም የእምነት ማነስም አይደለም።

እንቅስቃሴ መለስተኛ ድብርትን ያቀልላል። የሚያቀልለው ግን ፍላጎት እስኪመጣ ጠብቀሽ ከሆነ አይደለም፤ ድብርት መጀመሪያ የሚወስደው ፍላጎትን ነውና። ስለዚህ ሰዓቱን ቀድመሽ ወስኚ፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ጠዋት ቢሆን ይመረጣል፤ የጠዋት ብርሃን የሌሊቱን እንቅልፍ ያስተካክላል። ጫማሽ ከማታው በር ሥር ይቀመጥ። ለከበደ ቀን ትንሿን መጠን ቀድመሽ ወስኚ፦ ጫማ ማድረግ፣ እስከ ውጭ በር ሄዶ መመለስ፣ 3 ደቂቃ። እሱን ከሠራሽ ቀኑ ተሠርቷል። ካላንደር ላይ ምልክት አድርጊ፣ ደቂቃውን አትጻፊ። ጉዞው ላይ ስልክ ከማየት አብሮሽ ካለው ሰው ጋር ማውራት ይጠቅማል።

ሁለት ሳምንት እንዲህ ሠርተሽ ስሜትሽ ካልተነሣ ወይም ከባሰ፣ መጠኑን በመጨመር አትታገዪ። ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ ለአዋላጇ ወይም ለሐኪም ንገሪ፤ ልጁን ለክትባት የምትወስጂበት ቀን ጥሩ አጋጣሚ ነው። «ደክሞኛል» ብቻ ካልሽ ቪታሚን ይሰጡሻል፤ «ከ2 ሳምንት በላይ ከፍቶኛል፣ እንቅልፍ የለኝም» በያቸው። የምክር አገልግሎትም እያጠቡ የሚወሰድ መድኃኒትም አለ። ጠበል የምትሄጂ ከሆነም የታዘዘውን መድኃኒት ሳታቋርጪ ሂጂ።

ራስን ወይም ልጅን የመጉዳት ሐሳብ ካለ፣ ወይም እናቲቱ ለቀናት ሳትተኛ እንግዳ ነገር የምታይ፣ የምትሰማ፣ የማይሆን ነገር የምታምን ከሆነ፣ ይህ ድንገተኛ ነው። ቤተሰብ ብቻዋን አይተዋት፣ ልጁንም ብቻዋን አትያዝ፤ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ይውሰዷት፣ አዲስ አበባ ከሆነች ወደ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል።

ለባልና ለቤተሰብ

«ተነሽ ተንቀሳቀሽ» ማለት አይረዳትም። የሚረዳት በቀን 30 ደቂቃ ልጁን ተቀብሎ መያዝ፣ ሌሊት ካጠባች በኋላ ልጁን አስገስቶ ማስተኛት፣ ጠያቂ ሲበዛ «ተኝታለች» ብሎ መመለስ ነው። ሳትተኛ የዋለች እናት እንድትሄድ አትገፋፏት፤ ያን ቀን 1 ሰዓት እንቅልፍ ከጉዞው ይበልጥባታል። ስለ ሆዷ አትናገሩ።

ልጁ ታሞ፣ አንቺ ታመሽ ወይም ክርስትናው ደርሶ ከሳምንት በላይ ካቋረጥሽ፣ ካቆምሽበት አትቀጥዪ። በነበረው ደቂቃ ግማሽ ጀምሪና በየሦስት ቀኑ እንደ ቀድሞው 2 ደቂቃ ጨምሪ።